የድምፅ ዋጋና የጆሮ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1916 አንድ ምሽት፣ በኒው ዮርክ ከተማ በካርኔጊ አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ ያልተለመደ ጥንድ ቀረበለት። በአንድ ወገን ማሪ ራፖልድ የተባለችው ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ፣ በሌላው ወገን ከጥሩ እንጨት የተሠራ ቁም ሣጥን የመሰለ የሸክላ ማጫወቻ ቆመዋል። ሸክላው የዘፋኟን ድምፅ ሲያሰማ እርሷም አብራ ትዘፍናለች፤ ከመካከል ዝም ትላለች፤ ዜማው ግን ከመሣሪያው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በሌሎች ከተሞች በተደረጉ ተመሳሳይ ትርዒቶች ደግሞ በዘፈኑ አጋማሽ የአዳራሹ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ዘፋኟ ከመድረኩ ወርዳለች፤ መሣሪያው ብቻውን ሲዘፍን ይገኛል። ሕዝቡም በአድናቆት ያጨበጭባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘባል።

በጨለማ የተሸጠ ድምፅ

ትርዒቱን ያዘጋጀው በ1877 ፎኖግራፍን ለዓለም ያስተዋወቀው የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ሲሆን፣ ዓላማውም ዳይመንድ ዲስክ የተባለውን ማጫወቻ ለገበያ ማቅረብ ነበር። «የቃና ፈተና» የሚል ስም የተሰጠው ይህ ትርዒት ከ1915 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በአሜሪካ ትላልቅና ትናንሽ ከተሞች እየተዘዋወረ ቀርቧል። ለፈተና ይቀርብ የነበረው መሣሪያ 250 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1916 መጨረሻ የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል ከ400 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ እንደነበር ሲታወስ፣ ይህ ገንዘብ ለአንድ ተራ ቤተሰብ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ሻጩ ለዚያ ዋጋ የሚሰጠው ማረጋገጫ ከሕያው ዘፋኝ የማይለይ ድምፅ የሚል ነበር።

ዛሬ የዚያን ዘመን ሸክላ የሚሰማ ሰው ይህን ማረጋገጫ ለመቀበል ይቸግረዋል። በዚያን ጊዜ የድምፅ ቅጂ ሥራ በማይክሮፎን አይካሄድም ነበር። ዘፋኙ በጡሩምባ መሰል ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ኃይል ራሱ መርፌውን እያርገበገበ በሰሙ ላይ መስመር ይቀርጻል። በዚህ መንገድ የሚቀረጸው ድምፅ በግምት ከ200 እስከ 3,000 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ የጤናማ ወጣት ጆሮ ግን ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ያለውን ይሰማል። ከበሮውና የባሱ ክር፣ የጸናጽሉ ቅላጼና የፊደላት ጥራት በአብዛኛው ቀርተዋል ማለት ነው። ታዲያ ሕዝቡ እንዴት ሳይለይ ቀረ?

ከመልሱ አንዱ ክፍል የተገኘው ከራሷ ከዘፋኟ ነው። በእነዚህ ትርዒቶች ብዙ ጊዜ የተሳተፈችው አና ኬዝ የተባለችው ሶፕራኖ በእርጅናዋ ዘመን እንደተናገረችው፣ በመድረክ ላይ ስትዘፍን ድምፅዋን ከመሣሪያው ድምፅ ጋር እንዲመሳሰል ታስተካክል ነበር። መሣሪያው ዘፋኟን መምሰል ሲያቅተው ዘፋኟ መሣሪያውን መሰለች። ሌላው ክፍል ደግሞ የፈተናው አደራደር ነው። መብራቱን የሚያጠፋውና የሚያበራው፣ ዘፈኑን የሚመርጠው፣ ዘፋኟን የሚቀጥረውና ዕቃውን የሚሸጠው አንድ ወገን ነበር። ጨለማ በራሱ ፈተናን እውነተኛ አያደርገውም። ጨለማው በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። መሣሪያው ከቀንድ ወደ ቫልቭ፣ ከቫልቭ ወደ ትራንዚስተር፣ ከሸክላ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ሲዲና ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። የሻጩ ቃል ግን እምብዛም አልተለወጠም። ውድ መሣሪያ ሙዚቃን የማዳመጥን ደስታ በእውነት ያሻሽላልን? የሚለው ጥያቄም አብሮ ዘልቋል። የሙያው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። መልሱ የሚወሰነው ገንዘቡ ከድምፁ ጉዞ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደዋለ ነው። ስለዚህ ጉዞውን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ሰፊው ድምፅና ጠባቡ ድምፅ

በመጀመሪያ ሊካድ የማይገባው ነገር፣ በምርምር ላይ የዋለው ገንዘብ ድምፅን በእጅጉ ያሻሻለበት ዘመን መኖሩ ነው። በ1925 የቤል የስልክ ድርጅት መሐንዲሶች ያዘጋጁት የኤሌክትሪክ ቅጂ ዘዴ በገበያ ላይ ዋለ። በማይክሮፎንና በቫልቭ አምፕሊፋየር አማካይነት የሚቀረጸው ድምፅ በአንድ ጊዜ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ወገን ሰፋ። የቀድሞውንና የአዲሱን ሸክላ ለማነጻጸር የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም ነበር፤ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያ የላቀ ነገር ታየ። በኤፕሪል 27 ቀን 1933 የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ በገዛ ከተማው አዳራሽ ሲጫወት፣ ድምፁ በሦስት የተለያዩ መስመሮች ወደ ዋሽንግተን ተላልፎ በኮንስቲትዩሽን አዳራሽ በተቀመጡ አድማጮች ፊት ተሰማ። ሥራውን የመራው የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ሃርቪ ፍሌቸር ነበር። የኦርኬስትራው ዋና መሪ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በትሩን በፊላዴልፊያ ለአሌክሳንደር ስሞለንስ ትቶ፣ ራሱ በዋሽንግተን ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ተቀምጦ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በእጁ ይመራ ነበር። መስመሩ ከ40 እስከ 15,000 ሄርትዝ ያለውን ድምፅ ያስተላልፋል። አድማጩ የቫዮሊኑን መገኛ ከግራ፣ የባሱን ከቀኝ መለየት ቻለ። ዛሬ ስቴሪዮ እየተባለ የሚጠራው ነገር ከመሠረቱት ታላላቅ ማሳያዎች አንዱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ በ1945 የሙያውን ሰዎች ግራ ያጋባ ውጤት ቀረበ። ሃዋርድ ቺንና ፊሊፕ አይዘንበርግ የተባሉ የአሜሪካ የሬዲዮ ባለሙያዎች አድማጮችን ሰብስበው አንዱን ሙዚቃ በሰፊውና በጠባቡ የድምፅ መጠን እያሰሙ የትኛውን እንደሚመርጡ ጠየቁ። አብዛኞቹ አድማጮች ጠባቡን መረጡ። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ሕዝቡ ጥሩ ድምፅ አይፈልግም፣ ለሰፊ ድምፅ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው እስከ ማለት ደረሱ።

ይህን ድምዳሜ ያልተቀበለው ሃሪ ኦልሰን የተባለ የአር.ሲ.ኤ. ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ኦልሰን ፈተናውን ያለ ምንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለማድረግ አሰበ። ትንሽ ኦርኬስትራ ድምፅ ከሚያሳልፍ መጋረጃ በስተጀርባ አስቀመጠ። በተጫዋቾቹና በአድማጮቹ መካከል ከ5,000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያስቀሩ ማጣሪያዎችን ሠርቶ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ አደረጋቸው። አድማጩ መዝጊያው ይከፈት ይዘጋ አያይም። ውጤቱ በ1947 ሲታተም ከሦስት አድማጮች ሁለቱ ያህል ሙሉውን ድምፅ መምረጣቸው ታወቀ። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው ተቃርኖ የተፈታውም በዚሁ ነው። በዘመኑ መሣሪያዎች ውስጥ የነበረው የድምፅ መዛባት በይበልጥ ጎልቶ የሚሰማው በከፍተኛው ድምፅ ላይ ነበር። መሣሪያው ሲሰፋ ሙዚቃውም እንከኑም አብረው ይሰፋሉ። በ1945 የተጠየቁት አድማጮች እንከኑን ሸሹ እንጂ ሙዚቃውን አልጠሉም።

ይህ ታሪክ ለሙያው ሰው ሁለት ትምህርት ትቷል። አንደኛው፣ ተራው አድማጭ ምክንያቱን በሙያ ቋንቋ መግለጥ ባይችልም ጆሮው የሚያምነው ምስክር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ምስክሩ እውነትን እንዲናገር ጥያቄው በትክክል መቅረብ አለበት።

መሣሪያው ጆሮን ሲደርስበት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመሐንዲሶች ዋና ጠላት ይኸው የድምፅ መዛባት ሆነ። በ1947 ዲ.ቲ.ኤን. ዊሊያምሰን የተባለ ብሪታንያዊ መሐንዲስ መዛባቱ ከመቶ አንድ አሥረኛ እጅ የማይበልጥ የቫልቭ አምፕሊፋየር ንድፍ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ አሳተመ። ንድፉ ለማንም ክፍት ስለነበር በብዙ አገር ያሉ የሙያው አፍቃሪዎች በየቤታቸው ሠሩት። ጥራት የብዙ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም ውጤት መሆኑን ያስመሰከረ ሥራ ነው።

በ1954 ጊልበርት ብሪግስ የተባለው የስፒከር አምራች፣ የአምፕሊፋየር ሠሪው ፒተር ዎከር እየረዳው፣ በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሕያው ሙዚቃንና የተቀዳ ሙዚቃን ጎን ለጎን አሰማ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ አዲስ ዓይነት ስፒከር ለገበያ አቀረቡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዝቅተኛውን የባስ ድምፅ በሚገባ ለማሰማት የልብስ ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ያስፈልጋል ተብሎ ይታመን ነበር። ቪልቸር ግን ሣጥኑን አጥብቆ በመዝጋት በውስጡ የታመቀው አየር ለስፒከሩ ልሳን እንደ ምንጣሪ ሽቦ ሆኖ እንዲያገለግል አደረገ። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሣጥን ከትልቁ የጠራ ባስ አወጣ። በኋላም ኩባንያው አንድ የባለ አውታር መሣሪያ ጓድ በመድረክ ላይ አስቀምጦ፣ ተጫዋቾቹ አንዳንዴ በእውነት ሲጫወቱ አንዳንዴ ደግሞ ቀስቱን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀሱ ስፒከሩ ሲጫወትላቸው አሳየ። ከአድማጮቹ አብዛኞቹ የመሸጋገሪያውን ቅጽበት መለየት አልቻሉም።

እነዚህ ማሳያዎች እንደ ኤዲሰን ትርዒት የሻጭ ማሳያዎች መሆናቸው አይካድም። ልዩነቱ ከጀርባቸው ማንም መሐንዲስ በገዛ ላቦራቶሪው ሊያረጋግጠው የሚችል ልኬት የነበራቸው መሆኑ ነው። ልኬቱ ደግሞ አንድ ነገር ይናገር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደህና ሆኖ የተሠራ አምፕሊፋየር እንከኑ ጆሮ ከሚሰማው ደረጃ በታች ወርዶ ነበር። ከዚህ በኋላ በአምፕሊፋየር ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ምን ይገዛል የሚለው ጥያቄ በይፋ መነሣቱ የማይቀር ሆነ።

መጋረጃው በመርማሪው እጅ

ጥያቄው የተነሣበት ምክንያት ነበረ። በ1970ዎቹ ቫልቭ ከትራንዚስተር ይበልጣል፣ ውዱ ከርካሹ ይለያል የሚለው ክርክር በመጽሔቶች ላይ ተጋግሎ ነበር። በ1978 ጀምስ ሞየር የተባለ እንግሊዛዊ የድምፅ መሐንዲስ ከፒተር ዎከር ኩባንያ የወጡ ሦስት አምፕሊፋየሮችን ለፈተና አቀረበ። አንደኛው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የቫልቭ መሣሪያ ሲሆን ሁለቱ የኋለኛው ዘመን የትራንዚስተር መሣሪያዎች ነበሩ። አድማጮቹ የትኛው እንደሚጫወት አያዩም፤ የሁሉም ድምፅ ከፍታ በልኬት እኩል ተደርጓል። ውጤቱም አድማጮቹ ሊለዩአቸው አለመቻላቸውን አሳየ።

የድምፁን ከፍታ እኩል ማድረግ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የብዙ ስሕተት ሥር እዚህ ላይ ነው። ፍሌቸር ከባልደረባው ከዊልደን መንሰን ጋር በ1933 ባሳተመው ጥናት፣ ጆሮ ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ስሜት ከድምፁ ከፍታ ጋር እንደሚለዋወጥ አስረድቶ ነበር። ሙዚቃ ከፍ ሲል ባሱ ይሞላል። በመሆኑም ከሁለት መሣሪያዎች አንዱ ከሌላው በአንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ ቢል፣ አድማጩ «ይህ ከፍ አለ» አይልም፤ «ይህ ጠራ፣ ይህ ሞላ» ይላል። በሱቅ ውስጥ ቁልፉን የያዘው ሻጭ ይህን አውቆም ሆነ ሳያውቅ ሊጠቀምበት ይችላል።

በ1982 ዴቪድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአድማጩ በተጨማሪ ፈታኙም የማያውቅበትን ዘዴ በኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ገለጠ። አድማጩ አንደኛውንና ሁለተኛውን መሣሪያ በስማቸው ይሰማል፤ ቀጥሎ ማንነቱ ያልተነገረውን ሦስተኛ ይሰማና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከመቶ ሃምሳ ያህሉን ያገኛል። በእርግጥ የሚሰማ ሰው ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ይህን በመሰለ ዘዴ በጃንዋሪ 1987 «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው መጽሔት ዋጋቸው ከ220 እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ አምፕሊፋየሮችን አስፈተነ። ከአድማጮቹ መካከል ልዩነት አለ ብለው አጥብቀው የሚያምኑ ነበሩበት፤ የሚጠራጠሩም ነበሩበት። የሁለቱም ወገን ውጤት ከግምት አላለፈም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም መሣሪያ አንድ ነው ማለት አይደለም። ስፒከሮች በግልጽ ይለያያሉ። በኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ የነበረው ፍሎይድ ቱል በ1985 እና በ1986 ባሳተማቸው ጥናቶች፣ አድማጮች ስፒከሩን ሳያዩ ሲፈርዱ ፍርዳቸው እርስ በርሱ የሚስማማ መሆኑን አሳይቷል። የሚመርጡትም ድምፁን ሳያበዛና ሳያሳንስ፣ በቀጥታም ሆነ በጎን በኩል አመጣጥኖ የሚያወጣውን ነው። ይህ ባሕርይ በልኬት የሚታወቅ ሲሆን፣ ዋጋ ብቻውን የሚመራበት ነገር አልሆነም።

በ1994 ቱልና ባልደረባው ሾን ኦሊቭ አርባ አድማጮችን አራት ስፒከሮች አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተጋርደው እንዲያነጻጽሩ አደረጉ። አድማጮቹ የአንድ የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። ዕቃውን ሲያዩ ትልልቆቹና ውዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ ሲያገኙ፣ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ፤ መጋረጃው ሲጋረድ ልዩነቱ ጠበበ። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ስፒከሩ በክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲለውጥ ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል። ተጋርደው ያዳመጡት ይህን እውነተኛ ለውጥ በነጥባቸው አሳዩት፤ እያዩ ያዳመጡት ግን አብዛኛውን ሳያስተውሉት ቀሩ። ዓይን የሌለውን ልዩነት ሲፈጥር ያለውን ደግሞ ሸፈነ። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ እንደ ማስጠንቀቂያ ሊወሰድ ይገባዋል።

ተመሳሳይ ክርክር በዲጂታል ዘመንም ተከትሏል። በ1982 የወጣው ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የሚወሰድ ባለ 16 ቢት ናሙና ይይዛል። ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር የያዙ ውድ ዲስኮች ሲመጡ፣ ኢ. ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን የእነዚህን ድምፅ በቀጥታና በሲዲ ደረጃ አሳልፈው እያሰሙ 554 ጊዜ ፈተኑ። በ2007 ባሳተሙት ውጤት ትክክለኛው መልስ 276 ሲሆን፣ ይህም ከመቶ ሃምሳ እንኳ በጥቂቱ ያንሳል። በ2016 ደግሞ ጆሹዋ ራይስ የተባለው የለንደን ተመራማሪ 18 ጥናቶችን በአንድነት መርምሮ ትክክለኛው መልስ ከመቶ 52.3 መሆኑን፣ ሥልጠና ባገኙ አድማጮች ዘንድም ከዚያ ከፍ እንደሚል አገኘ። ልዩነቱ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሜየርና ሞራን በጥናታቸው መጨረሻ ላይ አንድ ቁም ነገር ጨምረዋል። ውዶቹ ዲስኮች ብዙ ጊዜ ከተራው ሲዲ በእርግጥ የተሻለ ድምፅ ነበራቸው። ምክንያቱ ግን ቁጥሩ ሳይሆን፣ ቀጂዎቹ ለእነዚህ ዲስኮች የበለጠ ጥንቃቄ ማድረጋቸው ነበር።

ስለ ደስታው እውነተኛነት

እዚህ ላይ የውድ መሣሪያ ባለቤት የሚያነሣው ተገቢ ተቃውሞ አለ። «እኔ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን በመጋረጃ ልትወስዱብኝ አትችሉም» ይላል። እውነት አለው። በ2008 በካሊፎርኒያ በተደረገ ጥናት አንድ ዓይነት ወይን በሁለት የተለያየ ዋጋ እየተባለ ለተመራማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ቀርቦ ነበር። ውድ ነው የተባለውን የቀመሱት የበለጠ ጣፈጠን ከማለታቸው በላይ፣ ደስታን የሚያሳየው የአንጎላቸው ክፍል በእርግጥ የበለጠ ሲሠራ በምስል ታይቷል። ደስታው ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው የደስታውን ምንጭ ለመሣሪያው ብቻ መስጠት ነው። የዕቃው ውበት፣ የባለቤትነት ኩራት፣ ሸክላውን አውጥቶ አቧራውን ጠርጎ ከፊቱ የመቀመጥ ሥነ ሥርዓት ሁሉ የማዳመጥ አካል ናቸው። የሙያው ሰው ግን ለውበት የሚከፈለውን በውበት ስም፣ ለድምፅ የሚከፈለውን በድምፅ ስም ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ምክሩን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አለና።

ይህን ያህል ገንዘብ ሳይወጣበት ብዙ የሚያሻሽል ነገርም አለ። በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተሠራ የትምህርት አዳራሽ በማስተጋባቱ ምክንያት የመምህሩ ቃል አልሰማ አለ። እንዲመረምር የታዘዘው ወጣት የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣ፣ ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለካ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከ5 ሴኮንድ በላይ ይቆይ ነበር፤ ትራሱ በጨመረ ቁጥር ጊዜው አጠረ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ቀመር በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ አገልግሏል። የቤት ውስጥ አድማጭም ከዚህ የሚማረው አለ። በባዶ ግድግዳና በሊሾ ወለል መካከል የተቀመጠ የሺህ ዶላር ስፒከር፣ ምንጣፍና የመጽሐፍ መደርደሪያ ባለበት ክፍል በአግባቡ ከተቀመጠ ርካሽ ስፒከር ሊያንስ ይችላል።

ከምንጩ የጎደለ

የድምፅ ጉዞ ከዘፋኙ አፍ ተነሥቶ በማይክሮፎን፣ በቴፕ ወይም በዲጂታል ቅጂ፣ በማባዣ፣ በማጫወቻ፣ በአምፕሊፋየር፣ በስፒከርና በክፍሉ አልፎ ጆሮ ላይ ያርፋል። በዚህ ጉዞ መነሻ ላይ የጠፋ ነገር በመድረሻው ላይ በምንም ዋጋ አይመለስም። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ይህን በጎላ ሁኔታ ያስረዳል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። የተቀረጹት በቀንዱ ዘዴ ነበር። ዛሬ በማንኛውም መሣሪያ ቢሰሙ ቀንዱ ያልያዘው ቅላጼ የለም፤ ሆኖም የእርሱ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ መሰማቱ ራሱ ያ ጠባብ መሣሪያ የሰጠው ጸጋ ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ በስሙ የሚጠራውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታተሙት ትናንሽ ሸክላዎች የአንድን ዘመን ሙዚቃ ለትውልድ አቆዩ። ማሕሙድ አሕመድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ያስቀዳው «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር ዳግመኛ ታትሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ አድማጮችን ሳበ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ የወጡት ሲዲዎች የዚያን ዘመን ሙዚቃ በዓለም አስተዋወቁ። እነዚህን የወደዱ ሰዎች ከመዛባት የነጻ ድምፅ ፈልገው አልነበረም የመጡት። የዘፋኞቹ ጉሮሮና የተጫዋቾቹ እጅ የዘመኑን መሣሪያ ጉድለት አልፎ ደርሷቸው ነበር።

በሸክላ ቦታ ካሴት ሲተካ ሌላ ትምህርት መጣ። በ1963 የፊሊፕስ ኩባንያ ያወጣው ካሴት ቴፑ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ከስቱዲዮ ቴፕ ያነሰ ድምፅ ይይዛል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ሽ የሚለው የቴፕ ድምፅ በእያንዳንዱ ግልባጭ ይጨምራል፤ የማንበቢያው ራስ ከቆሸሸ ወይም ከተጣመመ ከፍተኛው ድምፅ ይጠፋል። የግልባጭ ግልባጭ የሆነ ካሴት የያዘ ሰው በአሥር ሺህ ዶላር መሣሪያ ቢያጫውተው የሚሰማው ያንኑ ጉድለት ጎልቶ ነው። በአንጻሩ በጥጥና በአልኮል የጸዳ ራስና ከመጀመሪያው ቅጂ የተገለበጠ ካሴት በመጠነኛ ቴፕ ሪኮርደር ላይ ጥሩ ድምፅ ይሰጣሉ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ጊዜ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተመረቱ የስቱዲዮ ቴፖች ብዙዎቹ የማግኔት ዱቄቱን የሚያያይዘው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይላላል፤ ሲጫወቱ በማንበቢያው ራስ ላይ ይጣበቃሉ፤ ዱቄቱም ይላጣል። በዝቅተኛ ሙቀት ተግ ተደርገው ለጊዜው ሊጠገኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በተቻለ ፍጥነት በደህና መሣሪያ ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለባቸው። አንዳንዱ ቴፕ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ውድ መሣሪያ፣ የተስተካከለ ራስና የሠለጠነ እጅ ያለ ክርክር ዋጋቸውን የሚያወጡት በዚህ ቦታ ነው፤ በዚያች አንድ ንባብ የቀረ ድምፅ ለዘለዓለም ይቀራልና።

እንግዲህ የመቶ ዓመቱ ታሪክ ሲጠቃለል፣ ገንዘብ ድምፅን ያሻሽላልን ለሚለው ጥያቄ የገንዘቡ ቦታ ራሱ መልስ ይሆናል። በመነሻው፣ ማለትም በቅጂና በጥበቃ ላይ የሚውል ገንዘብ ያሻሽላል፤ የሚያድነውም ለሁሉም አድማጭ ነው። በመድረሻው ላይ ደህና ስፒከርና በአግባቡ የተሰናዳ ክፍል ያሻሽላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው በአብዛኛው ለዓይንና ለልብ ነው። ለዓይንና ለልብ መክፈል ነውር የለበትም፤ ከፋዩ የከፈለበትን እስካወቀ ድረስ።

በካርኔጊ አዳራሽ ያጨበጨበው ሕዝብ ሞኝ አልነበረም። ጆሮው እንደማንኛውም ጆሮ ነበር፤ የጎደለው መጋረጃውን በቅንነት የሚይዝለት ሰው ነው። ያ ሰው እንዲሆን የሚጠበቀው የሙያው ባለቤት ነው። አንድ ወዳጅ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት መሣሪያ ልግዛ ብሎ ምክሩን ሲጠይቅ፣ የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጎ፣ ስሙንና ዋጋውን ሸፍኖ እንዲያዳምጥ ማድረግ ሙያው የሚጠይቀው ታማኝነት ነው። በዚህ የተረፈው ገንዘብ በየመደርደሪያው እየላላ ካለው ቴፕ አንዱን ለማዳን ቢውል ደግሞ፣ ገና ያልተወለደ አድማጭ የሚሰማው ድምፅ ይኖራል።